ገሳይ ላይ ካልሆነ አይሆንም

በኛ በደቡብ ጎንደር ሯጭ ሞልቷል። ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቱት ሯጭ ነው፣ ያውም ከደረሳችሁበት። ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ቁጠሩ ብትባሉ ግን ሁለት ጣት ይበቃችኋል። አንዱ ጌጡ ነው፣ የደብረ ታቦሩ። ባጃጅ ነው የሚነዳው። እሱ ሲገባባት ባጃጇ ታቃስታለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ተሳፋሪው ከፍሎ ሲያበቃ ወርዶ ይገፋል። ሁለተኛው ዋልልኝ ነው፣ ከጉና ተራራ ጥግ ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ፣ የአዛለች ታናሽ ወንድም።

ጌጡ የዞኑ ሻምፒዮን ነው። እንዴት ሻምፒዮን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከሱ በፊት የነበረው ባለ ቀበቶ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሲሄድ "እስክመለስ ያዝልኝ" ብሎት ነው። ሰውየውም አልተመለሰ፣ የሚገጥምም አልተገኘ፣ ቀበቶው ከጌጡ አልጋ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሦስት ዓመት ኖረ። ያልተሸነፈው እንዲህ ነው እንግዲህ።

አዛለች ደግሞ ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣች ልጅ ናት። ሌሎቹ የሰው ቤት ሲያጸዱ እሷ የደረሳት የቦክስ አዳራሽ ነበር። እጇ ወለል ይወለውላል፣ ጆሮዋ ግን ሥራ አልፈታም። አሠልጣኞቹ በስልክ ዋጋ ሲከራከሩ፣ የት ይሁን መቼ ይሁን ሲባባሉ ሁሉንም ትለቅም ነበር። የአገሬው ልጆች ሲመለሱ ወርቅና ብርድ ልብስ ይዘው ነው የሚመጡት። እሷ ሻንጣዋን ብትከፍት ሁለት ጥንድ የቦክስ ጓንት።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?" አለች አንዷ ጎረቤት።

"ጓንት ነው።"

"እህ፣ አዎ፣ የጉና ብርድ እኮ አይቻልም። ትንሽ ወፈረ እንጂ።"

ብቻ በዚያው ጓንት ዋልልኝን ከሞፈር ነጥላ ደብረ ታቦር ወሰደችው። የድሮ የእህል መጋዘን ተከራየች፣ ጆንያ በአሸዋ ሞልታ ሰቀለች፣ በቃ፣ አሠለጠነችው። ልጁ ጎበዝ ወጣው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የሚገጥመው ያው ጌጡ ብቻ ነው። ዋልልኝ እንደሆነ ዝንብ እንኳ "እሽ" ብሎ ነው የሚያባርር፣ አይመታም። ጓንት ሲጠልቅለት ግን ሌላ ሰው ነው።

አባታቸው አያ ባዩ ይኼን አልረሱላትም። "በሬዬን ያለ አራሽ አስቀረችብኝ፣ ልጄን ደግሞ በሬ አደረገችው" ይላሉ ለአገኙት ሁሉ። እሷን ራሷን ግን ከሰላምታ ውጪ አያናግሯትም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ስትደውል "ደህና ነን" ይሉና ስልኩን አጠገባቸው ላለ ሰው ይሰጡታል። አንዴማ ለማታውቀው የድንች ነጋዴ ሰጥተውት ከሰውየው ጋር ስለ ድንች አውርታ ዘጋች።

ዘንድሮ ለመስቀል ገሳይ ስትሄድ ደፍራ አነሳችው።

"አባ፣ ዋልልኝ እኮ ለሻምፒዮንነት ሊጋጠም ነው። ደብረ ታቦር መጥተው አንድ ቀን እንኳ ቢያዩት?"

አያ ባዩ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉት። "ሰው ሲደባደብ ለማየት መኪና ልሳፈር? እኔ ዱላ ሲነሳ የምነሳው ለመገላገል ነው። ደጄ ላይ እንኳ ቢሆን የምወጣው ለዚያ ነው።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር አዛለች ጆሮ የገባው "ደጄ ላይ" የምትለዋ ብቻ ናት። ሰው መቼም የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። እዚያው ቁጭ እንዳለች በልቧ ማለች፦ ግጥሚያው ገሳይ ላይ ካልሆነ አይሆንም። አባቷ ልጃቸውን አንድ ቀን በዓይናቸው ያያሉ። ወንድሟን እንዳላበላሸችው፣ ሰው እንዳደረገችው ያያሉ። ገንዘቡ ይምጣም ይቅርም፣ እሷ የቆረጠችው ለዚች ነው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ለድርድር ወደ ጌጡ ቤት ሄደች። ወደሷ አይመጡም፣ "ለሻምፒዮን ይመጡለታል እንጂ አይሄድም" ተብላለች። የሚደራደረው ደግሞ ጌጡ አይደለም፣ አጎቱ ጋሼ ሞገስ ናቸው። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ እርጅና የተጫነውን በሬ "ረጋ ያለ ነው" ብለው የሚሸጡ ሰው።

"የታሉ ሽማግሌዎችሽ?" አሉ ገና ከመግባቷ።

"ሽማግሌ ለምን ጋሼ? ሚስት ልጠይቅ አልመጣሁ።"

"ኧረ ይኼ ከጋብቻ በምን ያንሳል! ሁለት ቤተሰብ፣ ጥሎሽ፣ ድግስ፣ መጨረሻው ዱላ።"

ጌጡ ሳቀ። ሚስቱ እቴነሽ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው የወጣው፣ ልትወልድ የቀራት ጥቂት ቀን ነው። "አይዞሽ፣ እዚህ ቤት ዱላ ያለው እኔ ዘንድ ነው" አለችና ትሪውን አስቀመጠች።

በሉ፣ ድርድር ተጀመረ። አዛለች ከኩዌት የተማረችው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ቀድሞ ዋጋ የጠራ ይከስራል። ስለዚህ ዝም አለች። ችግሩ ጋሼ ሞገስም ይኼንኑ ከከብት ገበያ ተምረውታል። እሳቸውም ዝም አሉ። እሷ ግድግዳ ታያለች፣ እሳቸው ጣራ ያያሉ። በመሃል ጌጡ ብቻውን ትሪውን አገባደደው። ዝምታው ሲረዝምበት አፉን ጠረገና፣

"በቃ ገንዘቡን እኩል እንካፈላ!" አለ።

"አንተ ዝም በል!" አሉ ጋሼ ሞገስ። "ያንተ ሥራ መመታት ነው።"

"መምታት" አለ ጌጡ ቅር ብሎት።

"እሱን በኋላ እናየዋለን።" ወደ አዛለች ዞሩ። "ከመግቢያው ገቢ ከሦስት ሁለት እጁ የሻምፒዮኑ ነው። አሸናፊው ሰንጋ ይሸለማል።"

"ሰንጋውን ማን ያቀርባል?"

"እኔ ነኛ። ገንዘቡ ከመግቢያው ይቆረጣል።"

"በስንት?"

"የዋጋውን ነገር እንዳታነሺብኝ፣ በሬው እንዳይሰማ።"

"ጋሼ፣ እንደዚህማ ከሆነ ቦክሱን ሳይጀምሩ አሸነፉ። ገቢው እኩል፣ ሰንጋውን ከገበያ እንገዛለን፣ ግጥሚያው ገሳይ።"

"ገሳይ?!" ጋሼ ሞገስ እንደተቆነጠጠ ሰው ብድግ አሉ። "ገሳይ ምን አለ? ብርድና ድንች!"

"ድንቹን የበላ ሕዝብ አለ። እዚህ አዳራሽ ብታደርጉት ማን ይመጣል? የናንተ ከተማ ሰው ኳስ በስልኩ ነው የሚያይ።"

"ሻምፒዮን ዳገት አይወጣም!"

"እሱስ እውነትዎን ነው፣ ባጃጇም አትችለው።"

እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። እሳቸው ከገንዘቡ ትንሽ ለቀቅ ያደርጉና ቦታውን ይጨብጣሉ፣ እሷ ሰንጋውን ትለቅና ገሳይን ትጨብጣለች። በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። የዚህን ጥቅም ከኩዌት ነው ያየችው፣ እዚያ ማንም ሰው ሦስቴ ተነስቶ ሳይቆጣ አይስማማም።

"በሉ ጋሼ ደህና ዋሉ። ቀበቶውን ምስማሩ ላይ ያኑሩት፣ አቧራውን ብቻ እየጠረጉ።"

በሩ ላይ ስትደርስ እቴነሽ ውሃ ይዛ ትገባ ነበር። ጋሼ ሞገስ ዓይናቸው የእቴነሽ ሆድ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆየ እዚያው። ከዚያ ድምፃቸው ድንገት ማር ሆነ።

"ተቀመጪ የኔ ልጅ። ተቀመጪ። ለምን እንጨቃጨቃለን? ገሳይ ይሁን።"

አዛለች ጆሮዋን ተጠራጠረች።

"ገንዘቡም እኩል ይሁን። ሰንጋውም ከወደድሽው ገበያ ይገዛ። ቀኑን ብቻ ለኔ ተይልኝ፦ ኅዳር ሚካኤልን አንግሠን በማግስቱ፣ ጾሙ ሳይገባ። ለናንተም ጥሩ ነው፣ ሰው ለንግሡ ይሰበሰባል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን አለ። አንድ ትንሽ ነገር። ያው ቡጢ ደም ያቃባል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይቀያየም ብዬ ነው። እቴነሽ በሰላም ስትገላገል ዋልልኝ ልጁን ክርስትና ያንሳልን።"

"ወንድ መሆኑን በምን አወቁ?"

"በኛ ዘር ሴት የምትመጣው በጋብቻ ብቻ ነው!" አሉና ደረታቸውን ነፉ። እውነትም ያ ሁሉ ወንድም፣ የወንድም ልጅ፣ ሁሉም ወንድ ነው።

አዛለች ሳቋን ዋጠችው። ገሳይን በአንድ የሕፃን ልብስ ገዛሁት ማለት አይደል! ሽማግሌው ደከሙ ብላ አዘነችላቸው ሁሉ። ቶሎ፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ፣ ሁለቱም በሚካኤል ማሉ። እቴነሽ በሩ ላይ ቆማ አንዴ አዛለችን፣ አንዴ ጋሼ ሞገስን አየች። አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ዘጋችውና ትሪውን አንስታ ገባች።

አዛለች ወደ መጋዘኑ በሩጫ ነው የተመለሰች። ዋልልኝ ጆንያውን እየደበደበ ነበር።

"ገሳይ ላይ ነው! ገንዘቡም እኩል! ሙልጭ አድርጌ ወሰድኩባቸው!"

ዋልልኝ ጆንያውን አቅፎ አቆመው። "እሰይ እትዬ! በምን አስማት?"

"በምንም። ልጃቸውን ክርስትና ታነሳላቸዋለህ፣ በቃ።"

ዋልልኝ ጆንያውን እንዳቀፈ ቀረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው።

"እትዬ… ክርስትና ካነሳሁ ጌጡ አበልጄ ሆነ ማለት ነው።"

"አዎ፣ እና?"

"አበልጄን ልምታ?"

አቤት! አዛለች ከኋላዋ ያገኘችው ነገር ላይ ቁጭ አለች። የመጋዘኑ የእህል ሚዛን ነበር። የአበልጅ ነገር እንደሆነ የታወቀ ነው፣ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አበልጁን በክፉ ያየ ሰው እንኳ ንስሐ ይገባል፣ ቡጢ የሰነዘረ ሰውማ ገሳይ ውስጥ ማን ውሃ ያቀብለዋል? ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳ። አሁን ቢወለድ አርባው የሚሞላው መቼ ነው? ከኅዳር ሚካኤል በፊት። ቀኑን ማን መረጠ? ጋሼ ሞገስ።

"ገመዱን ሰጡኝና በሬውን ነድተውት ሄዱ" አለች አዛለች። ለካ ሁሉን እሺ ያሉት ምንም ስለማይሆን ነው። በሌለ ግጥሚያ ላይ ገንዘቡ እኩል ቢሆን ምን ይጎዳል? የማይቆም ሪንግ ገሳይ ቢሆን፣ ጨረቃ ላይ ቢሆን ምን ገዷቸው! ቀበቶው ምስማሩ ላይ ሊያረጅ ነው።

"እምቢ በላቸው። አላነሳም በል።"

"በሚካኤል ምለሽ?"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"እንግዲህ" አለ ዋልልኝ ጓንቱን እያወለቀ "ሴት ትሁን ብለሽ ጸልዪ።"

እውነቱን ነው። ሴት ከሆነች ወንድ አያነሳትም፣ ሴት ናት የምታነሳት። ያውም በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ግጥሚያው ካለፈ ስንትና ስንት ጊዜ በኋላ። የቦክስ ሻምፒዮና ተይዞ እንዲህ ያለ ነገር የተጸለየ እዚህ አገር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። ባጃጅ ነጂዎቹ ተወራረዱ። ሴቶቹ እቴነሽን ገበያ ላይ ሲያገኟት ሆዷን እያዩ "ወደ ላይ ወጣ ብሏል፣ ወንድ ነው"፣ "ኧረ ወርዷል፣ ሴት ናት" ይከራከራሉ። እቴነሽ ፈገግ ብላ "እግዜር ያውቃል" ትላለች። ጋሼ ሞገስ ግን ለልጁ ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። አዛለች የጸለየችውን ጸሎት ለንስሐ አባቷ ብትናገር የሚስቁባት ይመስላታል። አንድ ሌሊት ደግሞ አባቷ ገሳይ ላይ ባዶ ሜዳ ፊት ለፊት ቆመው "ታዲያ የታለ?" ሲሏት በሕልሟ አየች።

እቴነሽ ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ ገባች ሲባል አዛለች እግሯ አላስቀምጥ አላት። በማግስቱ ጠዋት ከጌጡ ግቢ ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ገብታ ሳሙና የምትገዛ መሰለች። ጋሼ ሞገስ እበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ዘግተው "ማንም እንዳይነግረኝ፣ ከእልልታው ነው የምሰማ" ብለዋል አሉ፣ ደስታቸውን ሊያጣጥሙ። ጌጡ ባጃጇን ቀስ አድርጎ እየነዳ መጣ፣ እቴነሽ ከኋላ ጥቅልል ይዛ። የሰፈሩ ሴቶች ደጁ ላይ ተሰበሰቡ።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው እልልታው።

"እልልልልል!"

አንድ። ጋሼ ሞገስ ጣታቸውን አጠፉ። አዛለች ሳሙናውን ጨበጠች።

"እልልልልል!"

ሁለት።

"እልልልልል!"

ሦስት። ከዚያ ዝም። አዛለች ትንፋሿን ልታወጣ ስትል፣ ከወደ ጥግ፣

"እልልልልል—"

ጋሼ ሞገስ አራተኛ ጣታቸውን አጥፈው ዘለው ተነሱ። አዛለች ሳሙናው ከእጇ ሾልኮ ወደቀ።

"ኧረ ሦስት ነው እማማ ገነት! ሦስት ነው! ሴት ናት!"

"ምን አልሽ?" አሉ እማማ ገነት፣ ጆሯቸው ከበድ ይላል።

"ሴት! ሴት ናት!"

ጋሼ ሞገስ ጣታቸውን እንዳጠፉ ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የደቡብ ጎንደርን ከባድ ሚዛን የወሰነችው ሦስት ኪሎ የማትሞላ ሰው ሆነች።

አዛለች ቅቤና የገንፎ እህል ይዛ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ልትል ገባች። ሰዉ ሲወጣላቸው እቴነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

"ሴት መሆኗን እኮ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ክትትል ስሄድ በማሽን አይተው ነግረውኛል።"

"ምን?! ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ? ሆዴን መሃል አስቀምጠው ሲደራደሩ፣ አንቺ ባለ ሆዷ ምን ትያለሽ ያለኝ አለ?" ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረቻት። "አንቺስ ብትሆኚ ጠየቅሽኝ?"

አዛለች ያመጣችውን ቅቤ ወደ አልጋው አስጠጋች።

"ደግሞ ያን ቀበቶ ወስዳችሁ ገላግሉኝ። ሌሊት ሌሊት አናቴ ላይ ይወድቃል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ደግሞ ልጅ አለች። ክርስትናዋንም አንቺ ታነሻታለሽ፣ ቃል ነው።"

ስትወጣ ጋሼ ሞገስ በሩ ላይ ጠበቋት። "የኔ ልጅ፣ እንግዲህ ሁኔታው ተለዋውጧል። ስለ ቦታው ቁጭ ብለን…"

"በሚካኤል ምለው ጋሼ?"

አፋቸውን እንደከፈቱ ትታቸው ሄደች።

ኅዳር ሚካኤል ነገሠ፣ በማግስቱም ገሳይ ገበያው ሜዳ ላይ ሪንግ ቆመ። ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ከወለሉ ሥር ጭድ፣ ከላይ ሸራ። ገመዱን አዛለች ከየቤቱ ነው ያሰባሰበችው። ከባሕር ዳር የመጣው ዳኛ ገመዱን ሳብ አድርጎ አየና "ይኼ የበሬ ነው አይደል?" አለ። "አዎ፣ በሬ የያዘ ገመድ ሰው ያቅተዋል?" አለችው። ከጉና የሚወርደው ንፋስ የሁለቱን ቦክሰኞች ባዶ ገላ የተነጨ ዶሮ አስመሰለው። ሕዝቡ ግን! ዛፍ ላይ፣ ጣራ ላይ፣ ቆሞ የቀረ አይሱዙ ላይ። ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ለአገር ሽማግሌዎች ተለቆ ጋቢ ብቻ ሆኗል።

አያ ባዩ የሉም። ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው ተባለ።

አንደኛው ዙር ሲጀመር አዛለች ሪንጉን ሳይሆን መንገዱን ነው የምታየው። ሁለቱ ቦክሰኞች አንድ ዙር ሙሉ ተፈራሩ። "ኧረ ተዋወቁ እንግዲህ!" አለ ከአይሱዙው ላይ አንዱ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጌጡ አንድ አቀመሰው፣ ዋልልኝም ነቃ። መንገዱ አሁንም ባዶ ነው። ለማን ነው ይኼን ሁሉ ያደረገችው?

ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ሕዝቡ ከመሃል ለሁለት ሲከፈል አየች። ሰው እየተነሳ፣ "ይለፉ አያ"፣ "በዚህ አያ" እያለ። ገለባ ልብሳቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አባቷ። ሪንጉ ሥር ድረስ መጥተው ቆሙ። አዛለች ዕንባዋ መጣ።

ዋልልኝም አያቸው መሰለኝ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነው። ጌጡን ወደ ጥግ ነዳው። በግራ፣ በቀኝ፣ ደግሞ በግራ። ጌጡ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ገመዱ ላይ ተደገፈ። ሕዝቡ ጮኸ። እቴነሽ ሕፃኗን አዝላ "ቀበቶውን! ቀበቶውን!" እያለች ነው፣ ለማን እንደምትጮህ ለማንም ግልጽ አይደለም። አዛለች ግን አባቷን ነው የምታይ። አያ ባዩ ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት አስቀመጡ። ደስ ብሏቸው መሰላት።

ከዚያ ዱላቸውን ለጎረቤት ሰጡና በገመዱ መሃል ገቡ።

"ተው! ኧረ በሕግ! ኧረ በሚካኤል!"

አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎችም "በሕግ አምላክ!" እያሉ ግልብጥ ብለው ተነሱ። አያ ባዩ የያዙት ጌጡን አይደለም፣ ዋልልኝን ነው። ጨዋ ገላጋይ መጀመሪያ የራሱን ሰው ነው የሚይዝ። ያ ሁሉ ኪሎ፣ አንዴ ቢወራጭ አባቱን ከነገለባቸው ጉና ላይ በጣላቸው ነበር። እሱ ግን እንደ ሕፃን እጁን አወረደ። ጌጡ ባበጠ ዓይኑ ሽማግሌውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ "እንደምን ዋሉ አያ" አለ።

ዳኛው እጁን ዘርግቶ አስቆመ። "ሕጉ ግልጽ ነው። የአንዱ ቦክሰኛ ወገን ሪንግ ውስጥ ከገባ ያ ቦክሰኛ ይሸነፋል። ዝም ብሎ ተመልካች ከሆነ ግን አስወጥተን እንቀጥላለን። አባት፣ እርስዎ ማን ነዎት? ዘመዱ ነዎት?"

አዛለች ከታች ሆና በዓይኗም በእጇም ለመነቻቸው። አይደለሁም ይበሉ። አንድ ቃል ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ እሷን እንደማያውቋት ሆነው ነበር፣ ዛሬ ዋልልኝን አንድ ጊዜ አላውቀውም ቢሉ ምናለ!

አያ ባዩ ዋልልኝን በትከሻው እንደያዙ ቀና አሉ። አንገታቸውን ዞር አድርገው ለሜዳው በሙሉ እንዲሰማ፣

"እንዴታ! ልጄ ነው! አባቱ ነኝ!" አሉ።

ጋሼ ሞገስ ማንም ሳያያቸው አማተቡ።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ደብረ ታቦር ላይ ክርስትና ተነሳች። አዛለች አቅፋ አቆማት፣ ልጅቱም ጠበሉ ሲነካት እንደ ዳኛ ፊሽካ ጮኸች። ጾም ስለሆነ ድግሱ ሽሮና ምስር ነበር። ቀበቶው ያው ምስማሩ ላይ ነው፣ እቴነሽ ግን አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙራዋለች። ዋልልኝና ጌጡ አንድ ትሪ ላይ ተቀምጠው ሦስተኛውን ዙር እጃቸውን እያወናጨፉ ይተርካሉ፣ ሽሮው በየልብሱ ላይ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ ጋሼ ሞገስ ከአዛለች አጠገብ ተጠግተው። "ለፋሲካ ሁለተኛ ግጥሚያ ይኑር እያለ ነው ሰዉ። ገንዘቡ እንደ ድሮው እኩል ይሁን።"

አዛለች ሕፃኗን እያባበለች ቆየች። ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። በኋላ እሷ ቀደመች።

"እሺ። ቦታው ግን እዚሁ ነው። ደብረ ታቦር፣ አዳራሽ ውስጥ፣ በሩ የሚዘጋ።"

ጋሼ ሞገስ ቀበል አድርገው፣ "በጭራሽ! ገሳይ ላይ ካልሆነ አይሆንም!"

"ጋሼ!"

"ምን ጋሼ! እንዲህ ያለ ሜዳ ከየት ይገኛል? ደግሞ የገሳይ ሽማግሌ ጨዋ ነው፣ ደስ ይላል።"

"ሻምፒዮን ዳገት አይወጣም ብለው አልነበር?"

"ለገሳይ ሲሆን ይወጣል!"

ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው ከፍ አለና ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ከገሳይ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፍረው የመጡት፣ "ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ" ብለው ያማረሩት አያ ባዩ ናቸው። መጥተው በሁለቱ መሃል ገቡና አዛለችን በክንዷ ያዟት፣ ጨዋ ገላጋይ የራሱን ሰው ነውና መጀመሪያ የሚይዝ።

"ተዉ እንግዲህ። በቦታ ይጣላሉ?" አሉ። "የትም አድርጉት። መኪና አለ፣ እመጣለሁ።"